የኒስ ኦፔራ ቤት ጣና ዳር የተቃጠለ ዕለት

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ያለቀ ነገር ነው። ሲጀመር ውጭው ፀሐይ ነበር፤ ሲያልቅም ፀሐይዋ ገና ጣና ላይ ነበረች። መሐል ላይ የነበረውን ጨለማ የሠራነው እኛው ነን።

ኑረዲን እባላለሁ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ትንሽ የቲያትር ቡድን መብራት ሠራተኛ ነበርሁ። ያደግሁት ወረታ ነው። አባቴ እዚያ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ የእሳቸውም አባት ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እኔም አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ሱቅ እገባለሁ ተብሎ ሲጠበቅ ባሕር ዳር ገባሁ። የመብራት ሥራ የተማርሁት ሌሎች ሲሠሩ ቆሜ በማየት ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የተማሪ መጽሐፍ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ስናገረው ለፈረንጅም ለሐበሻም አይገባም፤ ሳነበው ግን ይገባኛል። ብዙ አላወራም። ሥራዬም ይህንኑ ይፈልጋል፤ መብራት የሚያበራ ሰው ከታየ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ባለ ቀን ያገኘሁትን ሁሉ ስልኬ ላይ አወርዳለሁ። በጠፋ ሰሞን ፔዳ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ አነባለሁ። በዚያ ሰሞን የያዝሁት የአንድ ኦፔራ ቤት ታሪክ ነበር። ኦፔራ ተዋንያኑ ንግግራቸውን ሁሉ በዜማ የሚሉበት ቲያትር ነው። ቤቱ ያለው ኒስ በምትባል፣ ባሕር ጠረፍ ላይ በተቀመጠች የፈረንሳይ ከተማ ነው። መጀመሪያ አንዲት የመኳንንት ሴት ያሠራችው ትንሽ የእንጨት ቤት ነበር። ከተማዋ ያን ጊዜ የፈረንሳይ አልነበረችም፤ የሌላ ንጉሥ ነበረች። በኋላ እንጨቱ ፈርሶ በቦታው የተሻለ ቤት ቆመ፤ ከተማዋ ወደ ፈረንሳይ ስትዞርም ቤቱ አብሯት ዞረ። አንድ ቀን ሰው ሞልቶ ትርኢቱ ሲጀመር መድረኩ ላይ ጋዝ ፈነዳ። መብራታቸውም በጋዝ ነበርና እሳቱ ሲነሣ መብራቱ ጠፋ። ብዙ ሰው በጨለማ መውጫ ሲፈልግ እዚያው ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ኦፔራ ቤት ሠሩ። ዛሬም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቆሟል።

ይህን ለቡድናችን መሪና ዋና ተዋናይ ለጋሽ ደምሰው እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። ጋሽ ደምሰው ሽበታቸው ያማረ፣ ሲቆጡ እንኳን የሚያስቁ ሰው ናቸው። ጨርሼ ስልኬን ሳስቀምጥ፣

«ይሄማ የኛው ታሪክ ነው» አሉ።

«የፈረንሳይ ነው፣ ጋሼ።»

«ውኃ ዳር የተቀመጠ ከተማ፣ ሰው ቲያትር ሊያይ ሲቀመጥ መብራት የሚጠፋበት። ምን ቀረው? ስሙን ብቻ ነው የምቀይረው።»

ስሙንም አልቀየሩትም። ተውኔቱን ጻፉት። እሳቸው የኦፔራ ቤቱን በረኛ ሆነው ከመጀመሪያው የእንጨት ቤት ጀምሮ ታሪኩን ይተርካሉ፤ ትርንጎ የምትባል ድምፀ መልካም ልጅ ዘፋኟን ትጫወታለች። የመጨረሻው ትዕይንት እሳቱ ነው። መብራት ሁሉ ይጠፋል፤ አንድ ቀይ ላስቲክ የለበሰ ፓውዛ ብቻ ይቀራል። ለሠርግ ከሚከራይ ማሽን ጭስ ይለቀቃል። ተዋንያኑ በዚያ ውስጥ «እሳት! እሳት! በሩን ክፈቱ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሳንቃ ይደበድባሉ። ከዚያ ፀጥታ ይሆናል፤ ትርንጎ በጨለማው ውስጥ አንዲት እንጉርጉሮ ብላ ያልቃል።

አዳራሹ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ በጣና ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነው። በመንገዱ በኩል ትልቅ የብረት በር አለው። በጀርባው፣ በሐይቁ በኩል፣ አንዲት ትንሽ በር አለችው። መስኮቶቹ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ጊዜው ሰዓት እላፊ ያለበት ስለሆነ ማንም ከመሸ ቲያትር አያይም፤ የምናሳየው ከሰዓት በኋላ ነው። ለዚህ ደግሞ ፀሐይን ማስወጣት አለብን። ለዚያ ጥቁር ጨርቅ አስፈለገን፤ ጨርቅ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ።

አባቴ ወረታ ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ጣቃ አወጡልኝ። አባቴን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ጣቶቻቸው ያወራል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አሸት ያደርጉና ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እጥበት እንደሚችል ይነግሩሃል። ለገዢ ደግሞ ክር መዘው ክብሪት ይጭራሉ። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ጥጥ ነው ብሎ ለመማል ያህል ነው።

ከመጀመሪያው ጣቃ ክር መዘው ለኮሱ። ወረቀት ወረቀት ሸተተ፤ አመድ ሆኖ ረገፈ። ከሁለተኛው መዘው ለኮሱ። ክሩ ተኮራመተ፤ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ከጫፉ ተንጠለጠለና ጠብ አለ። ሽታው አፍንጫ ውስጥ የሚለጠፍ፣ ጣፋጭ የሚመስል ክፉ ሽታ ነው።

«ጥጥ ሲነድ አመድ ይሆናል» አሉ። «ይሄ ሲነድ ያለቅሳል። የጥጥን እሳት ታራግፈዋለህ። የሚያለቅስ ጨርቅ ግን እጅህን ከያዘ አይለቅህም። ጥጡን ውሰድ።»

ሁለቱንም ሱቁ በር ላይ በፀሐይ አንጻር ዘረጋናቸው። ጥጡ ብርሃኑን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ሁለተኛው ግን ፀሐይዋን ውጦ አስቀራት።

«ለጨለማ ከሆነ የሚያገለግልህ ይሄው ነው» አሉ በግድ ፈገግ እያሉ። ጠቅልለው ሲሰጡኝ አክለው፣ «አንድ ቀን መጥቼ ይሄን ጨለማህን አያለሁ። አይቼ የምልህን ግን ትሰማለህ፤ ተስማማን?» አሉ።

«ተስማማን አባ።»

የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሱቁን የሚረከብ ሌላ ልጅ የላቸውም። ቲያትሩን አይተው ካልወደዱት ወደ ወረታ እመለሳለሁ። ያ ትርኢት ለሌላው ሰው ትርኢት ነበር፤ ለኔ ግን ፍርድ ነበር።

ጨርቁን ከመስኮት መስኮት ሳይቆራረጥ ግድግዳውን ዙሪያውን እንዲሄድ አድርጌ ሽቦ ላይ በመንጠቆ ሰቀልሁት። የኋላዋን በርም ሸፈናት። የኒስን ታሪክ ስላነበብሁ እሷ ጋ ስደርስ ጨርቁን ከታች አላሰርሁትም፤ ገለጥ ቢያደርጉት በሩ እንዲገኝ። ከውጭ በኩል ግን አልዞርሁም።

ልምምድ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ተዋንያኑ «እሳት!» እያሉ ሳንቃውን ሲደበድቡ የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ሞላ ዱላቸውን ይዘው፣ በአንድ እግር ጫማ ብቻ፣ ሮጠው ገቡ። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ሞላ አኮረፉ። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ መሳቂያ መሆንን አይወዱም።

«የሰው ነፍስ መስሎኝ ነው እንጂ ለናንተማ አልነሣም ነበር» አሉ።

ጋሽ ደምሰው አቅፈው አባበሏቸው። «ከእንግዲህ አይድከሙ፣ ጋሽ ሞላ። እሳት ብንል፣ በር ብንደበድብ፣ የእናታችንን ስም ብንጠራ እንዳይከፍቱ። ሰው ከገባ በኋላ በውጭ ቆልፈው ይቀመጡ። ጭብጨባ ሲሰሙ አለቀ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይክፈቱ።»

በውጭ መቆለፉ አዲስ ነገር አልነበረም። ባለፈው ትርኢት ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ጎረምሶች ገፍተው ገብተው ነበር፤ ዘመኑም ሳይፈተሽ የሚገባ ሰው የሚፈራበት ነው። ማናችንም አልተቃወምንም። እኔም ጭምር።

የትርኢቱ ዕለት አባቴ ከወረታ መጡ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተው በዚያ ሳምንት ነበር። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በእጃቸው ዱላ ይዘው በሩ ላይ ሲፈተሹ ጋሽ ሞላ፣

«ሐጂ፣ እርስዎም ቲያትር ጀመሩ?» አሏቸው።

«እኔ ጨርቄን ላየው ነው የመጣሁ» አሉ አባቴ።

ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመድረኩ በስተግራ አስቀመጥኋቸው። አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው፣ አንዲት የስድስት ወር ሕፃን ያቀፈች እናት። የብረቱ በር ሲዘጋና ቁልፉ በውጭ ሲዞር ሰማሁ። የኔ መቀመጫ ከበሩ አጠገብ በእንጨት የተሠራ ከፍታ ላይ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ፊት ለፊቴ ናቸው።

መብራቱን ሳጠፋ ጨርቁን አየሁት። ይተነፍስ ነበር። ወደ ውስጥ ነፋ ይላል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይነፋል። ልምምድ ላይ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁትም። የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ልምምዳችን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ነበር። ጠዋት ጣና አይነፍስም። ከሰዓት በኋላ ነው ነፋሱ የሚነሣው፤ ከላይ ካሉት መስኮቶች አንዳንዱ መስተዋት የለውም።

ጨዋታው ግን ሄደ። ጋሽ ደምሰው በረኛ ሆነው ቁልፍ እያንቃጨሉ ስለ እንጨቱ ቤት ሲተርኩ ሰዉ ሳቀ። ከተማዋ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው ስትዞር «እኔ በረኛ ነኝ፤ ማንም ቢነግሥ በሩ አንድ ነው» ሲሉ አዳራሹ ተንጫጫ። አባቴን ከኋላ አየኋቸው። ዱላቸውን በሁለት እጅ ተደግፈው ወደፊት አዘንብለዋል። የሚወዱትን ሰው ሲሰሙ እንዲህ ነው የሚቀመጡት። ልቤ ሞቀ። ከመድረኩ በላይ፣ ከአባቴ ራስ በላይ ማለት ነው፣ ፓውዛው ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ከጎኑ ይነፋል፤ ይመለሳል።

የእሳቱ ትዕይንት ደረሰ። መብራቱን አጠፋሁ። ቀዩን አበራሁ። ጭሱ መድረኩን ሞላው። «እሳት! እሳት! በሩን ክፈቱ!» ሳንቃው ተደበደበ። ሕፃኗ አለቀሰች፤ እናቷ አባበለቻት። የተውኔቱ ጩኸት አበቃና ትርንጎ እንጉርጉሮዋን ጀመረች።

ያን ጊዜ ቀዩ መብራት ጠፋ።

እጄ ማጥፊያው ላይ አልነበረም። ጣቶቼን ተመለከትሁ፤ በጨለማ ሊታዩኝ አልቻሉም እንጂ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ሰዉ ግን ፉጨቱን አቀለጠው፤ እንደምታውቁት መብራት ሲጠፋ የምናደርገው ነው። ስልኮች እዚህም እዚያም በሩ።

«ፈረንሳይም መብራት ይጠፋል እንዴ?» አለ አንዱ ከመሐል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ጄኔሬተር አስነሡ!» አለች ሌላዋ።

ትርንጎ መዝፈኗን አላቋረጠችም። በስልኮቹ ብርሃን ጭሱ ሲጎተት አየሁ። የማሽኑ ጭስ ነጭ ነው፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ይሄኛው ከላይ ነበር። ጥቁር ነበር። ወደ ታች ይወርድ ነበር።

ከፊተኛው ረድፍ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። አልጮኹም፤ ሱቅ ውስጥ ዕቃ አቀብለኝ እንደሚሉ ነበር።

«ኑረዲን! ጨርቁ እያለቀሰ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ተዋናይ መሰሏቸው። «በሉ ሐጂ፣ ይቀጥሉ!» አለ አንዱ። ያቺን አባባል የማውቃት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሽታውም ከዚያ በኋላ ደረሰኝ፤ ጣፋጭ የሚመስለው ክፉ ሽታ። ነፋሱ ጨርቁን የጋለው ፓውዛ ላይ አስተኝቶት፣ ጨርቁ ነዶ የመብራቱን ገመድም አቃጥሎት ነበር።

ከከፍታው ዘልዬ ወረድሁ። «እሳት ነው!» ልል አፌን ከፈትሁ። አንባቢዎቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ቃሉ አልቋል። ተዋንያኑ ያንኑ ቃል አሁን ጮኸውት፣ ሰዉ አጨብጭቦለት ሊወጣ ተዘጋጅቷል። ብጮህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይስቃሉ፣ ወይ ድንገት ገብቷቸው በተቆለፈ በር ላይ ይረጋገጣሉ።

የብረቱን በር ደበደብሁ። «ጋሽ ሞላ! ይክፈቱ! ኑረዲን ነኝ!»

ከውጭ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ሞላ አብሯቸው ለተቀመጠ ሰው፣ «ዛሬማ በጣም ሆነላቸው» አሉት።

በግድግዳው ጥግ እየሮጥሁ ወደ ኋላዋ በር ሄድሁ። ጨርቁን ገለጥሁት፤ መቀርቀሪያውን ሳብሁ። ተሳበ። በሩ ግን አልተከፈተም። በትከሻዬ ገፋሁት፤ እርጥብ ነገር ከውጭ ተደግፎታል። በስንጥቁ በኩል የደንገል ሽታና የውኃ ሽታ ገባ። ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ ያወጧቸውን ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ውኃቸው እንዲንጠፈጠፍ በሩ ላይ አቁመዋቸዋል። የደረቀ ታንኳ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ውኃ የጠጣን ታንኳ ግን ብዙ ሰውም አይገፋውም። በዚያ ስንጥቅ የፀሐይ ብርሃን እንደ ክር ገብቶ እጄ ላይ አረፈ። ውጭው ያን ያህል ቅርብ ነበር።

ወደ ኋላዬ ዞርሁ። ጣሪያው ሥር የመጀመሪያዋ ብርቱካናማ ነበልባል ታየች። ጥቂት ሰዎች ቀና ማለት ጀምረዋል። የሕፃኗ እናት ቆማለች። «እንዴ፣ ይሄ እውነት አይደለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሚቀጥለው ጩኸት ምን እንደሚሆን አወቅሁ።

ጋሽ ሞላ የሚከፍቱበት ነገር አንድ ብቻ ነው።

በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን፣ «አለቀ! አጨብጭቡ! አጨብጭቡላቸው!» አልሁ። ራሴም እጆቼ እስኪነዱ አጨበጨብሁ።

ጋሽ ደምሰው ከመድረኩ ሰሙኝ። ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ በአንዱ ስልክ ብርሃን ፊታቸውን አየሁት። በዚያ ፊት ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ድምፃቸው ግን አልተናወጠም። ትርንጎን እጇን ያዙና ወደፊት አመጧት፤ በሁሉ ፊት እጅ ነሡ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ተውኔታችን እዚህ ላይ አበቃ። በሩ እንዲከፈት ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡልን። ስትወጡ ልጆች ይቅደሙ፤ ሕፃን ያቀፈች ትቅደም።»

ሰዉ አጨበጨበ። ጨለማ ውስጥ፣ ከራሳችን በላይ ጨርቅ እያለቀሰ፣ ያን የመሰለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። ከውጭ ቁልፉ ዞረ። የብረቱ በር ተከፈተና የከሰዓት ፀሐይ ገባ። ከፀሐይዋ ጋር ነፋሱም ገባ፤ እሳቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

በሩ አጠገብ የነበሩት እየሳቁ ወጡ። «ምን ዓይነት መጨረሻ ነው ይሄ?» እያሉ። መሐል ያሉት ሲወጡ ሳቁ አልነበረም። የኋለኞቹ እየሮጡ ነበር፤ ግን በሩ ክፍት ነበር። ጋሽ ሞላ ደጃፉ ላይ ቆመው የጭሱን ቀለም ሲያዩ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የወደቀ ሰው እያነሡ ማውጣት ያዙ።

ሜዳው ላይ ሰው በየሰዉ ፊት እየሮጠ የራሱን ይፈልጋል። ጋሽ ደምሰው ትርንጎን ይዘው ወጡ። ሕፃኗ እናቷ ትከሻ ላይ ታስነጥሳለች። አባቴ የሉም።

«አባቴን ያየ አለ? ነጭ ኮፍያ ያደረጉ!»

«አንድ ሽማግሌ መጋረጃ ሲያወርዱ አይቻለሁ» አለ አንድ ተማሪ። «ይምጡ እንውጣ ብላቸው ‹አንተ ሂድ› አሉኝ።»

ሸሚዜን አፌ ላይ አድርጌ ገባሁ። እሳቱ በጨርቁ ላይ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ በሩ ይመጣ ነበር። አባቴ ከፊቱ ቀድመው፣ ዱላቸውን ጥለው፣ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ከመንጠቆው እየነጠቁ ወደ መሐል ይጥሉታል። አንዱ ስፍራ ላይ ግድግዳው ባዶ ሆኗል፤ እሳቱ እዚያ ደርሶ መሄጃ አጥቷል። ወደ በሩ ያልደረሰው ለዚህ ነው። ነገር ግን የመጨረሻውን ጨርቅ ሲስቡ እሳቱ ቀድሟቸው ነበር። አልለቀቁትም፤ ኋላ እንደነገሩኝ ደግሞ እሱ ነው ያልለቀቃቸው።

በብብታቸው ይዤ አወጣኋቸው። ሣሩ ላይ ስናስቀምጣቸው እጃቸውን እያዩ፣ «ጥጡን ውሰድ ብዬህ ነበር» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ «ሰዉ ወጣ?» አሉ።

«ወጣ አባ።»

«ሁሉም?»

ጋሽ ደምሰው ከኋላዬ፣ «ሁሉም፣ ሐጂ» አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።

የተጎዱ ነበሩ፤ ጭስ ያፈናቸው፣ እግራቸው የተሰበረ። የሞተ ግን አልነበረም። አዳራሹ ጣሪያው ወርዶ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ቀረ። ሐይቁ ዳር የነበሩት ታንኳዎች ከእሳቱ በኋላም ውኃቸውን ያንጠባጥቡ ነበር።

አባቴ ሆስፒታል ሰነበቱ። ቁስሉ ዳነ። የጣቶቻቸው ጫፍ ግን እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ቀረ፤ ምንም አይሰማቸውም። ወረታ ሲመለሱ ማንም ሳይጠይቀኝ አብሬያቸው ሄድሁ። አይተው የሚሉኝን እሰማለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ምንም አላሉኝም። ጋሽ ደምሰውም አዲስ ተውኔት ሲጀምሩ ደውለው ጠሩኝ። «ሱቅ ይዣለሁ፣ ጋሼ» አልኋቸው። ከዚያ በየሄዱበት አዳራሽ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለባቸው ለረጅም ጊዜ አወራኋቸው። እኔ በስልክ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን የለወጠኝ ደፋር በማድረግ አይደለም። ዛሬም ዝምተኛ ነኝ። የተለወጠው የማነብበት መንገድ ነው። የኒስን ታሪክ ሳነብ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ታሪክ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ተውኔት ሠራንበት፤ ተውኔቱን ደግሞ አሳምረን ስለሠራነው እውነቱን እኛው አደከምነው። እናንተም መብራት የሚጠፋበት አገር ሰዎች ናችሁ። ጨለማውን ለምደነዋል፤ እናፏጫለን፣ ስልካችንን እናበራለን፣ እንቀልዳለን። ቀልዱን አልጠላሁትም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁን ስታበሩ መጀመሪያ በሩ ላይ አብሩት። ከዚያም በውጭ የተቀመጠው ሰው ምን ሲሰማ እንደሚከፍት ጠይቁ።

ባለፈው ሰሞን ሱቅ ውስጥ ሆነን አባቴ አንድ ጣቃ በክንዳቸው ገፍተው ወደ እኔ አቀረቡ። አሁን ጨርቁን የምዳስሰው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ስሳሳት ያርሙኛል። ያን ቀን ግን ከጨርቁ በፊት ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ያ የፈረንጆቹ ቤት፣ ከተቃጠለ በኋላ እዚያው መልሰው ሠሩት አላልኸኝም?»

«አዎ አባ። እዚያው ቦታ ላይ።»

«አሁን ስንት በር አለው?»

መጀመሪያ ማን እንዳሠራው፣ የማን መንግሥት ሥር እንደነበር፣ ጀርባውን ወዴት እንደሰጠ አውቃለሁ። የበሮቹን ቁጥር አላውቅም።

«አላውቅም» አልኋቸው።

«እንግዲያ ገና አላነበብኸውም» አሉ። ከዚያ ጣቃውን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «በል፣ ይሄን ዳስሰህ ንገረኝ» አሉኝ።

እጄን ጨርቁ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ከመጨፈኔ በፊት የሱቁን በር አየሁ። ክፍት ነበር።